“ብረት ይዘሃል?” ከቀዶ ሕክምና በፊት ኤምአርአይ ለታዘዘላችሁ ሁሉ

በዚህ ሰዓት ከእኔ የምትጠብቁት የፖለቲካ ትንታኔ እንደሆነ አውቃለሁ። የተማርኩትም የፖለቲካ ሳይንስ እንጂ ሕክምና አይደለም። ዛሬ ግን ከቀዶ ሕክምና በፊት ስለሚደረግ ምርመራ ነው የማወራችሁ። ለምን እንደሆነ ታሪኩን ስትሰሙ ትረዱኛላችሁ።

ጋሼ ብዬ የምጠራቸው አንድ አባት እዚሁ አሜሪካ ይኖራሉ። የወገብ ዲስክ አሠቃይቷቸው ኦፕራሲዮን ታዘዘላቸው። ሐኪሙ ከዚያ በፊት ኤምአርአይ እንዲነሡ አዘዘ። በመኪናዬ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፤ የ14 ዓመት ልጃቸውም አብሮን ነበር። እንግዳ መቀበያው ላይ ቅጽ ሰጡንና ልጁ ተቀብሎ መተርጎም ጀመረ። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛው የቤት ውስጥ አማርኛ ነው። ቅጹ “በሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ ወይ?” ይላል። ልጁ “አባዬ፣ ብረት ይዘሃል?” አላቸው። ጋሼ ሣቁ። “እኔ ብረት ካስቀመጥኩ ከ30 ዓመት በላይ ሆነኝ!” አሉት። ልጁም “የለም” የሚለው ላይ ምልክት አደረገ።

እኔም አብሬ ሣቅሁ። ሣቄን ሳልጨርስ ግን ደነገጥኩ። ጋሼ በደርግ ዘመን ወታደር ነበሩ። ብረት ሲባሉ የመጣላቸው ጠመንጃ ነው። የተጠየቁት ግን ሌላ ነው።

አስተርጓሚ ይቅረብልን አልኩ። “ልጃቸው እየተረጎመላቸው አይደለም እንዴ?” ተባልኩ። አይሆንም ብዬ ጸናሁ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ተገኘች። “ቆስለው ያውቃሉ? በሰውነትዎ የቀረ የጥይት ወይም የቦምብ ፍንጣሪ አለ?” ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ዝም አሉ። ልጃቸውን አዩት። ከዚያ “መጋቢት 1980፣ አፋቤት። አንዲት ፍንጣሪ ዓይኔ ሥር ቀርታለች” አሉ። ልጁ የአባቱን መቁሰል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው በአስተርጓሚዋ እንግሊዝኛ ነው።

ተመልካቾቼ፣ ይህ ለምን እንዳስደነገጠኝ ላስረዳ። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ የሚሠራው በማግኔትና በራዲዮ ሞገድ ነው። በየሆስፒታሉ የሚገኘው ማሽን ጉልበቱ ብዙውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው። 1.5 ቴስላ ማለት ከመሬት የማግኔት ኃይል 30 ሺህ እጥፍ ገደማ ነው። ይህ ማግኔት ደግሞ ምርመራ በሌለበት ሰዓትም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2001 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ የኦክስጅን ሲሊንደር ወደ ማሽኑ ክፍል ገብቶ ማግኔቱ ስለሳበው፣ ውስጥ የተኛ የ6 ዓመት ልጅ ተመትቶ ሞቷል። ዓይን አጠገብ ያለች ፍንጣሪም ከተንቀሳቀሰች ዓይን ልታጠፋ ትችላለች።

የጋሼ ምርመራ በዚያ ቀን ቀረ። መጀመሪያ በራጅ ታዩ፤ ፍንጣሪዋ እዚያው ነበረች። ሐኪሞቹ ተመካክረው በኤምአርአይ ፈንታ ሲቲ ስካን አነሧቸው። ኦፕራሲዮኑም በሰላም ተጠናቀቀ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መጀመሪያ፣ ቅጹን እንደ ተራ ወረቀት አትዩት። የልብ ምት ማስተካከያ ፔስሜከር፣ ከድሮ ኦፕራሲዮን የቀረ ብረት፣ ፍንጣሪ፣ በብየዳ ሥራ ዓይን ውስጥ የገባ ብናኝ፣ ሁሉንም ተናገሩ። ፔስሜከር አለኝ ማለት የግድ አትነሡም ማለት አይደለም፤ ዓይነቱ ይጣራል፣ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ። እናቶቻችን ንቅሳት ካላቸው ይንገሩ። ኩል ሳይኳሉ ይሂዱ። የአንገት ማተብ ክር ብቻ ከሆነ ጠይቃችሁ ልታቆዩት ትችሉ ይሆናል፤ የብረት መስቀሉ ግን ይውለቅ። መስቀሉን ማውለቅ ሃይማኖትን መካድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ኮንትራስት የሚባል ፈሳሽ ካለ፣ የኩላሊት ችግርን፣ ቀድሞ የደረሰ አለርጂንና እርግዝናን አትደብቁ። ለስኳር ሜትፎርሚን የምትወስዱ ደግሞ ንገሩ። አንዳንድ ሰው ለጊዜው እንዲያቆም ይደረጋል፤ ወሳኙ ግን ሐኪሙ ነው፣ በራሳችሁ አታቁሙ።

ሦስተኛ፣ ሰዓት። “ከ12 ኤኤም በኋላ ምንም አትብሉ” የተባለው የእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው እንጂ ንጋት 12 ሰዓት አይደለም። ይህን ተሳስቶ ቁርሱን በልቶ የሄደ ሰው ቀጠሮው ይሰረዝበታል። የሆስፒታል ጾም ሲባል ደግሞ ሽሮ የጾም ነው አይባልም። ውኃና መድኃኒት ይፈቀድ እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ።

አራተኛ፣ ማሽኑ ጠባብና ጯሂ ነው። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቃችሁ፣ በተለይ እስር ቤት ያለፋችሁ ወገኖቼ፣ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊታዘዝላችሁ ይችላል። በምርመራው መካከል የምትጫኑት የመጥሪያ ቁልፍም በእጃችሁ ይሰጣችኋል።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። እዚህ አሜሪካ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ መብት ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ክፍል 6 እና የ2010ሩ የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳሉ። ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ሕፃን ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይፈቀድም። በአውሮፓና በሌላም አገር ያላችሁ፣ የምትኖሩበት አገር ሕግ ምን እንደሚል ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ። ጥያቄው በምርመራው ቀን ሳይሆን ቀጠሮ ሲያዝ ይሁን፤ አማርኛ አስተርጓሚ ወዲያው ላይገኝ ይችላል።

እኛ መብታችንን ሳናውቅ ልጆቻችንን አስተርጓሚ አደረግናቸው። ልጅ ያልነገርነውን ታሪካችንን ሊተረጉም አይችልም። አባትም በልጁ ፊት የማይናገረው ነገር አለው። አባቶቻችን “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላሉ። ጋሼ ግን አልደበቁም፤ በሚገባቸው ቋንቋ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም እንጂ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ልጁ ከኋላ ተቀምጦ “አባዬ፣ አፋቤት የት ነው?” አላቸው። ጋሼ እስከ ቤታቸው ድረስ አወሩለት። ይህን እንድነግራችሁ የፈቀዱልኝም እርሳቸው ናቸው።

ለታመማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላችሁ። በቸር ያገናኘን።