ጠብ መሃል የገባች ቃል

እሷ፦ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 አማን፣ አብደሊ ባለው የዮርዳኖስ ፓርላማ እንደራሴዎች በቡጢ ተማተዋል። ሕገ መንግሥቱ እየተሻሻለ ነበር፤ በመብትና ግዴታ ምዕራፍ ርዕስ ላይ “ዮርዳኖሳውያት” የሚል ቃል ይጨመር ተብሎ።

እሱ፦ ለአንዲት ቃል?

እሷ፦ በዚያ ክርክር መሃል ነው የተነሳው። ቃሏም በ2022 ጸደቀች።

እሱ፦ ቃል ግን ወንበር አይሆንም።

እሷ፦ ልክ ነው። ወንበሩም ግን አድጓል፤ የሴቶች ኮታ በ2003 6 ነበር፣ አሁን 18 ነው። በ2024 ከ138ቱ 27 ሴቶች ገቡ።

እሱ፦ ከኮታው በላይ!

እሷ፦ አዎ። ለፓርቲዎች 41 መቀመጫ ተለይቷል፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት እጩዎቻቸው አንዷ ሴት መሆን አለባት።

እሱ፦ የፓን አፍሪካ ፓርላማም ከየአገሩ 5 አባላት ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን ይላል።

እሷ፦ አንዷ ታንሳለች። ያም ሆኖ በ2004 አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት የተመረጡት ፕሬዚዳንት ታንዛኒያዊቷ ገርትሩድ ሞንጌላ ነበሩ።