ዝም ያለው ጓደኛችን ይናገር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንናገረው በየክፍሉ ስለሚገኝ አንድ ተማሪ ነው። ይህ ተማሪ መጽሐፉን ያነባል፥ የቤት ሥራውን ይሠራል፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አስተማሪው ሲጠይቀው አንገቱን ይደፋል። ሰነፍ ነው ማለት ትክክል አይደለም። መልሱን ያውቃል፤ የሚፈራው ሳቅ ነው።

እንግዲህ የሚያስቀው ነገር ምን እንደ ሆነ እንመርምር። አንዱ ፖሊስን «ቦሊስ» ይላል፤ ሌላው «ስኩል» በማለት ፈንታ «እስኩል» ይላል። ይህ ግን የአፍ ልማድ እንጂ የአእምሮ ጉድለት አይደለም። ፐ ከባዕድ ቃላት በቀር በአማርኛ እምብዛም አይገኝም። የውጭ አገር ሰው አማርኛ ሲማር ቀንን «ከን»፥ ጠላን «ተላ» ቢል እናጨበጭብለታለን። ታዲያ ለእንግዳ የምናሳየውን ትዕግሥት ለጓደኛችን መንፈግ ፍርድ ነውን?

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፥ በቋንቋው መናገር የፈራ ተማሪ በፊዚክስም ሆነ በታሪክ ያልገባውን ሳይጠይቅ ይቀራል። የ12ኛ ክፍል ፈተና መልስ በመምረጥ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ አፉን ሳይከፍት ሊያልፍ ይችላል፤ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ሲጠየቅ ግን ዝምታው ያጋልጠዋል።

መድኃኒቱ ምንድር ነው? በ40 ደቂቃ ውስጥ 50 ተማሪ በተራ ቢናገር ለአንዱ 1 ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ሁለት ሁለት ሆነን ብንነጋገር ግን የክፍሉ እኩሌታ በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ ዓይን አፋሩም በአንድ ጓደኛው ፊት ከደፈረ በኋላ በሁሉ ፊት መቆም ይቀለዋል። መምህራኖቻችንም ጠይቀው ጥቂት ቢታገሡ፥ ስሕተቱንም ዐረፍተ ነገሩ ካለቀ በኋላ ቢያርሙ መልካም ነው። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ቅኔውን ለመምህሩ ይነግራል፥ መምህሩም ያርምለታል፤ ሳይናገር የታረመ የለም።

ከሁሉ በላይ ግን መድኃኒቱ በተማሪዎች እጅ ነው፤ ሳቁን የሚያቆም ሌላ ማንም የለምና። አባቶቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ዘንድሮ እንሰናበታለን። ለታናናሾቻችን የምንተወው አደራ ይህ ነው፤ ጓደኛችሁ ሊናገር ሲነሣ ጸጥ ብላችሁ አድምጡት።