ባቄላው ሲታመም ብድሩም ይታመማል
(በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ባቄላና ሽምብራ በሽታ ነው። «የሒሳብ ሠራተኛን የሰብል በሽታ ምን አገባት?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ከማህበራችን ከሚወጣው ብድር ብዙው ወይ ጥራጥሬ ይዘራበታል፣ ወይ ሽሮ ተዘጋጅቶ ይሸጥበታል። ማሳው ሲታመም ጉዳቱን መጀመሪያ የምታየው ባለ ማሳዋ ናት፤ ቀጥሎ በመዝገቤ ላይ የማየው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያገባኛል።

ባቄላ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም። በዓለም ላይ ከቻይና ቀጥሎ ብዙ ባቄላ የምታመርተው አገራችን ናት። የጾም ወጣችን ከእሱ ነው፤ ባቄላ የተዘራበት መሬትም በዓመቱ ለስንዴና ለገብስ ለምቶ ይጠብቃል።

በሽታው ከቫይረስ የሚመጣ ነው። የባቄላው ቫይረስ ሲይዝ ተክሉ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይወፍራል፣ ይጠቀለላል፣ ሲነኩትም ይሰበራል። ገና በልጅነቱ የተያዘ ተክል ፍሬ ሳይቋጥር ይደርቃል። ሽምብራንም የሚያቀጭጭና የሚያቢጭ ሌላ ቫይረስ አለ። ይህንኛውን አዳነ አብርሃም የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከአገራችን ማሳ በተወሰደ ናሙና ለይተው በ2006 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስታውቀዋል። በሽታው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም ማለት ነው።

ሁለቱንም ከተክል ወደ ተክል የምታደርሳቸው ክሽክሽ ናት። ክሽክሽ ከታመመ ተክል ስትመጥ ቫይረሱን ትወስዳለች፤ ከዚያ በኋላ የምትመጠውን ጤነኛ ተክል ልትበክል ትችላለች። ልጆቿ ቫይረሱን ከእሷ አይወርሱም፣ እነሱም ከታመመ ተክል መምጠጥ አለባቸው። ችግሩ መራባቷ ነው። ያለ ወንድ ሴት ልጆችን ትወልዳለች፣ እነሱም በቀናት ውስጥ አድርሰው ይወልዳሉ። እኛ የሒሳብ ሰዎች ይህን ወለድ በወለድ ላይ እንለዋለን። ዛሬ በማሳው ዳር የታዩት ጥቂቶች ከሳምንታት በኋላ ማሳውን ያለብሱታል።

ዕዳው እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል ግብፅ አይታዋለች። በ1992 እ.ኤ.አ. ከካይሮ በስተደቡብ ባለው በቤኒ ሱዌፍ አካባቢ ይኸው የባቄላ ቫይረስ ተዛምቶ አብዛኛውን ሰብል አጥፍቷል። ፉል የዕለት ምግቡ ለሆነ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሽሮ የምትበላ ሴት ታውቀዋለች።

አሁን ወደ ገንዘባችን ልመለስ። አንዲት አባላችን ባቄላዋ ቢጫ ሲሆን ከሱቅ የፈንገስ መድኃኒት ገዝታ ሁለት ጊዜ አስረጨች። ገንዘቡ የብድሩ ገንዘብ ነበር። ባቄላው አልዳነም፣ ብድሩም አልተመለሰም፣ ጎረቤቶቿም «ማሳዋን ሳትንከባከብ ቀርታ ነው» አሏት። ሴትዮዋ ግን አልሰነፈችም፤ የገዛችው መድኃኒት የሌላ በሽታ ነበር። ቅጠሉ ላይ እብጠት የሚያወጣውን፣ በአንዳንድ አካባቢ ቆርምድ የሚሉትን በሽታ የፈንገስ መድኃኒት ሊረዳው ይችላል። ቫይረስ የያዘውን ተክል ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። የተባይ መድኃኒትም ቢሆን የሚገድለው ክሽክሿን እንጂ ቫይረሱን አይደለም፤ በአበባ ጊዜ ከተረጨ ደግሞ ባቄላውን የምታዳቅለውን ንብ ይፈጃል።

እንግዲህ የሚያዋጣው አስቀድሞ መከላከል ነው። ዘር ሳስቶ ባዶ አፈር ሲታይ ክሽክሽ ይበዛል፤ ስለዚህ በቂ ዘር ይዘራ፣ ወቅቱም አይለፍ። ከበቀለ ጀምሮ በየሳምንቱ ማሳው ውስጥ ገብቶ የቅጠሉን ሥር ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የታመሙት ጥቂት ተክሎች ክሽክሿ ሳትበተን በጆንያ ተከተው ተነቅለው ይቀበሩ። ነጠብጣብ ያለባት ቀይ ጥንዚዛ ክሽክሽ ስለምትበላ አትገደል። ብዙ ሴቶች ከታመመ ማሳ የተረፈውን ዘር ይጥሉታል። እነዚህ ሁለት ቫይረሶች በዘር አይተላለፉም። በዘር የሚተላለፉ ሌሎች ስላሉ ግን የልማት ሠራተኛ ሳያየው መጣልም መዝራትም አይገባም።

ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የዘር ብድር ከመዝሪያው አንድ ወር ቀደም ብሎ ይሰጥ። ዘግይቶ የደረሰ ገንዘብ አሳስቶና አዘግይቶ ያዘራል። ሁለተኛ፣ ለመድኃኒት የሚጠየቅ ብድር የልማት ሠራተኛው በሽታውን ለይቶ ከጻፈ በኋላ ብቻ ይፈቀድ። ሦስተኛ፣ ማሳዋ በቫይረስ መጎዳቱ የተረጋገጠላት አባል ቅጣት ሳይቆጠርባት የመክፈያ ጊዜዋ እስከሚቀጥለው ምርት ይራዘምላት፤ ተያዦቿም በዚያ ዓመት አይጠየቁ።

ሦስተኛው ሐሳብ ገንዘብ ይጠይቃል። የአንዲቷ ብድር ሲራዘም ተራዋን የምትጠብቀው ሌላዋ መቸገር የለባትም። ለዚህ ከወለዱ ላይ ጥቂት እየተቀነሰ መጠባበቂያ ይያዝ እላለሁ። ደጋፊዎቻችንም እርዳታችሁ ከዚሁ መጠባበቂያ ቢገባ አንድ ጊዜ ታይቶ የሚያልፍ አይሆንም፤ የተጎዳችው ስትከፍል ተመልሶ ለሌላዋ ይሆናል።

ክሽክሽ የማንን ማሳ እንደምትመርጥ ማናችንም አናውቅም። ዘንድሮ የእሷ፣ ከርሞ የእኔና የአንቺ ሊሆን ይችላል። ማህበር የመሠረትነውም ለዚህ ነው።