አዲስ እህልና የቤታችን ምጣድ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በደብረ ወርቅ ከተማ የቀረበ ንግግር)





ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስላሉ፣ እኔ ብዙ ዓመት ስለ ሠራሁበት ስለ ወጥ ቤቱ እናገራለሁ። የማናውቀው ምግብ ሲቀርብልን ለምን ወደ ኋላ እንደምንል፣ ምን ሲሆንስ እንደምንቀምሰው አንድ ሁለት ነገር ላንሣ።

በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። የቤት ኤኮኖሚክስ ባለሙያ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ፣ አኩሪ አተር ለልጆች ገንቢ ነው ተብሎ ሠርቶ ማሳያ እንዳዘጋጅ ተላክሁ። እኔም አኩሪ አተሩን ሳልቀቅልና ሳልቆላ አስፈጭቼ እንደ ሽሮ ሠራሁት። እናቶች ተሰብስበው መጡ። አንዲት ትልቅ ሴት ቀመሱና «ልጄ፣ ይኼ እኮ ሣር ሣር ይላል» አሉኝ። የቀሩትም ለይሉኝታ አንድ አንድ ጉርሻ ወስደው ተነሡ። በሪፖርቴ ላይ «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ግንዛቤ የጎደላት ግን እኔ ነበርኩ። አኩሪ አተር በጥሬው ሲፈጭ የሣር ጠረን ያወጣል፤ በፈላ ውኃ ተቀቅሎ ወይም በደንብ ተቆልቶ ሲሠራ ነው ጠረኑ የሚቀንሰው። የእናቲቱ አፍንጫ ከእኔ መማሪያ ደብተር የበለጠ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ «የእኛ ሰው እንግዳ ምግብ አይወድም» ሲባል አልስማማም። በርበሬን እንውሰድ። ያለ በርበሬ ወጥ የሚባል ነገር አለን? የበርበሬ አገሩ ግን አሜሪካ ነው። ኮሎምበስ በ1492 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እዚያ ከመድረሱ በፊት እኛ ዘንድ በርበሬ አልነበረም። በቆሎም የመጣው ከዚያው ነው፤ አባቶቻችን «የባሕር ማሽላ» ያሉት ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስላወቁ ይሆናል። ድንችንም ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በ1850 ዓ.ም. ገደማ፣ ወደ አገራችን እንዳስገባው ይነገራል። ብዙ ሰው እጁን የዘረጋለት ግን ቆይቶ፣ ከብቱ አልቆ አገር የተራበበት ክፉ ቀን ከመጣ በኋላ ነው። ዛሬ የቾቄ ግርጌ ያለ ድንች ምን ይመስላል? ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ የማይወድ ጎጃሜስ ማን ነው?

በነገራችን ላይ መፍራቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳዮችም ድንችን ለረጅም ጊዜ የከብት ምግብ አድርገው ይንቁት ነበር። በልጆች ላይም ተጠንቷል። በ1982 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሁለት ዓመት ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ ልጆቹ ደጋግመው የቀመሱትን ምግብ አብልጠው እንደሚመርጡ አሳይቷል። ልጅ አንድ ቀን ስለተፋው ጠልቶታል ማለት አይደለም።

ለእኛ ለኅብረት ሥራ ሰዎች ትልቁ ትምህርት ያለው ግን እዚሁ ክልላችን ፎገራ ላይ ነው። ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሲሆን፣ የተጀመረውም በጅግናና በሻጋ በነበሩ የገበሬዎች ማኅበራት ነበር። ሜዳው ክረምት ውኃ ስለሚተኛበት ለሌላ እህል አይመችም፤ ለሩዝ ግን ተስማማ። ሆኖም ገበሬው መጀመሪያ ላይ አልተቀበለውም። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ብዙዎቹ አምራች ማኅበራት ሲፈርሱ፣ ሩዙም አብሮ ይጠፋል ቢባል የሚያስገርም አልነበረም። አልጠፋም። ገበሬው በየግሉ ያዘው። ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም፣ ሴቶቹ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ነጭ እንጀራ መጋገራቸው ትልቅ ድርሻ አለው። ጠላና አረቄም ወጣው፤ ገለባውም ለከብት ሆነ። ተቀቅሎ በሳህን ይበላ ቢባል ኖሮ ዛሬም ድረስ የባለሙያ እህል ሆኖ ይቀር ነበር ባይ ነኝ። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ የዚያን ቀበሌ ስም ይዞ እስከ ዛሬ ይጠራል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ነው።

የለመድነው ሁሉ ደግሞ ደኅና አይደለም። በእኛ መረሬ አፈር ጓያ ይበቅላል፤ ሌላ እህል ሲጠፋ ጓያን ብቻ ለወራት የበላ ሰው እግሩ እንደሚሽመደመድ ሁላችንም እናውቃለን። የሚያውቁትን እህል አምኖ፣ የማያውቁትን ሩዝ መፍራት ይገርማል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ዩኒየናችን አዲስ ዝርያ ሲያስመጣ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚሰጥ፣ ዋግ እንደሚቋቋም ወይም እንደማይቋቋም ይጠየቃል። ሊጡ ያነሣል ወይ፣ እንጀራው ዓይን ያወጣል ወይ፣ በማግሥቱ ይደርቃል ወይ፣ ዱቄቱ ውኃ ያነሣል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ይህን የሚያውቁት ሴቶች አባሎቻችን ናቸው፤ በዘር ግዢ ኮሚቴው ውስጥ ስንት እንዳሉ እናንተው ቁጠሩ። ስለዚህ ዘሩ ለአባላት ከመከፋፈሉ በፊት ጥቂት ኪሎ እህል በየመሠረታዊ ማኅበሩ ለሚመረጡ እናቶች ይሰጥ። ሦስት አራት ጊዜ ይጋግሩት፤ ብቻውንም ቀላቅለውም ይሞክሩት፤ የሚሉትም በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ «አልወደድነውም» ቢሉም እንደዚያው ይጻፍ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ በመድኃኒት የታሸ ዘር ታጥቦም ቢሆን አይበላም። ለቅምሻ የሚመጣው ያልታሸ እህል መሆን አለበት፤ ለዚህም ለብቻው በጀት ያስፈልገዋል። ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ።