ጉድጓዱ ተዘግቶ ሐዲዱ የቀረላት ከተማ




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሥራቸውን ስላጡ ከተሞች የሚል ነው። ርእሱ እጅግ ሰፊ በመሆኑ በአንዲት ከተማ ብቻ ወስኜዋለሁ። ከተማይቱ አሺንግተን ትባላለች፤ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርዘምበርላንድ፣ ከኒውካስል በስተሰሜን 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ። ከመካከላችን ኳስ የሚወድ ሰው ስሟን ሰምቶ ይሆናል፤ በ1966 የዓለምን ዋንጫ ለእንግሊዝ ካስገኙት ተጫዋቾች መካከል ቦቢና ጃክ ቻርልተን የተባሉት ወንድማማቾች ያደጉባት ናት። አባታቸውም የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበሩ።

በ19ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ በዚያ ሥፍራ ከእርሻ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረም። የድንጋይ ከሰሉ ጉድጓድ በ1867 ከተከፈተ በኋላ ግን ኩባንያው ለሠራተኞቹ ረጃጅም ተርታ ቤቶችን ጎን ለጎን ሠራ፤ ስም የሚያወጣላቸው እንኳ ሳይፈለግ አንዳንዶቹ አንደኛ ተርታ፣ ሁለተኛ ተርታ እየተባሉ በቁጥር ተጠሩ። ከጊዜ በኋላ «በዓለም ትልቋ የከሰል ቆፋሪዎች መንደር» እስከ መባል ደረሰች። ቤቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ ስለ ነበር፣ ሥራውን ያጣ ሰው ቤቱንም ያጣ ነበር። ስለሆነም ያን ዘመን እንደ መልካም ዘመን አድርጎ ማቅረብ የሚገባ አይመስለኝም፤ በአጠገቡ በሚገኘው በውድሆርን ጉድጓድ ብቻ በነሐሴ 1916 በደረሰ ፍንዳታ 13 ሰዎች ሞተዋል።

ነገር ግን የከተማይቱ አሠራር ለእኛ ሙያ ትርጉም ያለው አንድ ጠባይ ነበረው፤ ይኸውም ቤት፣ ሥራና መሰብሰቢያ አዳራሽ በእግር በሚደረስበት ርቀት መገኘታቸው ነው። ከጉድጓድ የወጣ ሰው ታጥቦ፣ በልቶ፣ ገና ሳይመሽ ጎረቤቱን ማግኘት ይችል ነበር። የሠራተኞች ክበቦች፣ የአትክልት ቦታዎች፣ ሌላው ቀርቶ ማን ትልቅ ባሮ ሽንኩርት አበቀለ ተብሎ የሚደረገው የዓመቱ ውድድር የበቀሉት ከዚህ ነው።

ከሁሉም የሚያስደንቀው የሠዓሊዎቹ ነገር ነው። በ1934 ጥቂት ሰዎች፣ አብዛኞቹ የከሰል ሠራተኞች፣ በሠራተኞች ትምህርት ማኅበር አማካይነት ሥነ ጥበብን የሚያስተዋውቅ የማታ ትምህርት ጀመሩ። ሮበርት ላየን የተባሉ መምህር ከኒውካስል እየመጡ ያስተምሯቸው ነበር። መምህሩ የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ እያሳዩ ቢያስረዱም ትምህርቱ አልያዝ አለ፤ በዚህ ጊዜ ብሩሹን ለተማሪዎቹ ሰጧቸውና ራሳቸው እንዲሥሉ አደረጉ። የሣሉትም የሚያውቁትን ነው፦ በጠባብ ዋሻ ውስጥ ተንበርክኮ የሚቆፍረውን ሰው፣ ወጥ ቤቱን፣ ውሻውን፣ የአትክልት ቦታውን። ቡድኑ እስከ 1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ድረስ ዘለቀ፤ ሥዕሎቹም ዛሬ በውድሆርን ሙዚየም ይታያሉ። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ መምህሩ ወደ ሠራተኞቹ መጡ እንጂ ሠራተኞቹ ወደ መምህሩ ከተማ አለመሄዳቸውን ነው።

ጉድጓዶቹ በ1947 የመንግሥት ንብረት ሆኑ፤ ውድሆርን በ1981፣ የአሺንግተን ጉድጓድም በ1988 ተዘጉ። በአቅራቢያዋ የነበረው የኤሊንግተን ጉድጓድ እስከ 2005 ቆየ። ሰዉ ግን አልፈለሰም፤ ቤቱ አለ፣ ዘመድ አለ፣ የቤቱም ዋጋ ከኒውካስል ይረክሳል። ስለዚህ ሥራ ያገኘ ሁሉ በአውቶቡስና በመኪና ወደ ኒውካስልና ወደ አካባቢው መመላለስ ጀመረ። ሠራተኛ ይጎርፍባት የነበረች ከተማ ሠራተኛ የምትልክ ማደሪያ ከተማ ሆነች።

መንገደኛ የሚያመላልሰው ባቡር ቀደም ብሎ በ1964 ተቋርጦ ነበር። ሐዲዱ ግን አልተነቀለም፤ ከሰል ይጓዝበታልና፤ ለሊንማውዝ የኃይል ማመንጫና እስከ 2012 ይሠራ ለነበረው የአሉሚኒየም ፋብሪካም ያገለግል ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2024፣ የመንገደኛ ባቡር በዚሁ መሥመር እንደገና ወደ አሺንግተን ገባ። ሐዲዱ እያለ እንኳ ጣቢያዎቹ፣ ማቋረጫዎቹና ምልክቶቹ 300 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ፈጅተዋል። ሐዲዱ ቢነቀል ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማየት ወደ ስኮትላንድ መሻገር ይበቃል፤ ከኤድንበርግ ወደ ደቡብ የሚሄደው መሥመር በ1969 ተዘግቶ ስለ ተነቀለ፣ በ2015 ከእርሱ 48 ኪሎ ሜትር ያህሉን ብቻ ለመመለስ ሥራው እንደ አዲስ መጀመር ነበረበት። ለዛሬ የማይጠቅም መስሎ የታየንን መሥመር ለቤት መሥሪያ ቦታ ከማከፋፈላችን በፊት ይህን ማሰብ ይገባናል።

አሁን ባቡሩ ኒውካስል የሚደርሰው በ35 ደቂቃ ያህል ነው፤ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በደርሶ መልስ ለአንድ ሰው በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይተርፈዋል ማለት ነው። መሐንዲሶቹ ይህን እንደ ትርፍ ቢቆጥሩት አልቃወምም፤ እኔ ግን ደቂቃዎቹ የት ይውላሉ ብዬ እጠይቃለሁ። በ1934 የነበሩት ሰዎች ትርፍ ጊዜያቸውን ይዘው የሚገቡበት ክፍልና በአጠገባቸው የሚኖር ጓደኛ ነበራቸው። የዛሬው ተመላላሽ ማምሻውን ከባቡር ሲወርድ የሚገባበት የተከፈተ በር ካላገኘ፣ የተረፈው ጊዜ ከቤቱ ግድግዳ አያልፍም። ባቡሩ የሚያቀርበው ከተማይቱን ለኒውካስል ሠራተኛ ቀጣሪዎች ነው፤ ለራሷ ቀን ቀኑን የምትኖርበትን ሥራ አይሰጣትም። ይህን ከባቡር መጠበቅም ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የከተማው ምክር ቤትና የእኛን መሰል ባለሙያዎች ድርሻ ነውና።

የጥናት ዘዴያችንም ይህን የሚያይ አይደለም። በእንዲህ ያለ ከተማ ቆጠራ ሲደረግ፣ ጠዋት በጣቢያው በኩል ስንት ሰው እንደ ወጣ ይመዘገባል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ሥራው ሠመረ ይባላል። በተራ የሥራ ቀን፣ በስድስት ሰዓት፣ በዋናው መንገድ ላይ ስንት ሰው እንደሚገኝና ስንት ሱቅ ክፍት እንደ ሆነ የሚቆጥር ሌላ ሰው እንዲመደብ፤ ማታም ባቡሩ ከገባ በኋላ መብራት የሚታይባቸው አዳራሾች እንዲቆጠሩ ለጥናት ክፍላችን ሐሳብ አቀርባለሁ።