ልጅ የሚያውሉ እናቶቻችንና ረዳት ስለ መቅጠር

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



ዛሬ የምናገረው ስለ ውኃ ቦኖ ወይም ስለ ቆሻሻ መድፊያ አይደለም፤ በእሱ ባለፈው ብዙ ተባብለናል። የዛሬው ጉዳይ በቤታቸው የሰው ልጅ እየተቀበሉ ስለሚያውሉ እናቶቻችን ነው። ከእነርሱ አንዷ «ሥራዬን ላስፋ፣ ረዳትም ልቅጠር» ብላ ማኅበሩን ምክር ጠይቃለች። ሌላዋ ደግሞ «ደክሞኛል፣ ልተወው ነው» ብላለች። ሁለቱንም ያናገራቸው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ በዛ፣ እጅ አነሰ።

ይህ ሥራ እንዴት እንደ መጣ ሁላችንም እናውቃለን። ድሮ ልጅ በአንቀልባ ታዝሎ ከእናቱ ጋር ይውል ነበር። ካልሆነም አያት አለች፣ ጎረቤት አለች። አሁን የሠፈራችን እናት ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ለግንበኛ ድንጋይ ታቀብላለች፣ ቅዳሜ ገበያ ትውላለች። በወር ደመወዝ የተቀጠረችዋ እንኳ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መሠረት የወሊድ ፈቃዷ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሦስት ወሩን ሕፃን ማን ይያዘው? በቀን ሥራ የምታድረውማ እሱንም አላገኘችው።

አንዳንዶቻችን «ቤቷ ተቀምጣ ብር ትቀበላለች» እያልን ስናማቸው እሰማለሁ። ይህ ትክክል አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን ሴፍቲኔት ታውቁታላችሁ። በዚያ የሥራ ቦታ ላይ ለሕፃናት ጥላ ተሠርቶ ከሴቶቹ አንዷ ልጆቹን ስትጠብቅ ብትውል፣ እርከን እንደ ሠራች ተቆጥሮ ቀኗ እንዲያዝላት ተፈቅዷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅም መሥሪያ ቤቶች ለሴት ሠራተኞቻቸው ሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። እንግዲህ ልጅ መጠበቅ ሥራ ነው ማለት ነው። ሥራ ከሆነ ደግሞ ሥርዓት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባለፈው ዓመት በገና ዋዜማ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከተማው በተሳላሚ ተሞልቶ መንገድ እንኳ አልነበረም። በአንዲት እናታችን ቤት በዚያ ቀን 11 ልጆች ነበሩ። ጠባቂዋ እሷ ናት፤ ረዳት የተባለችው ደግሞ ከገጠር የመጣች የ12 ዓመት ልጅ ናት። እናቲቱ ወተት ስታሞቅ፣ ልጅቱ የሚያለቅስ ሕፃን አዝላ ስታባብል፣ አንድ የሦስት ዓመት ልጅ በተከፈተው በር ወጥቶ ሄደ። የሚዘምሩትን ሰዎች ተከትሎ ነው። ከሦስት ሰዓት ፍለጋ በኋላ ቤተ ጊዮርጊስ አጠገብ ተገኘ፤ አንዲት ተሳላሚ እናት በኩታዋ ጠቅልላ ይዛው ነበር። የቤተ ጊዮርጊስን አፋፍ ታውቁታላችሁ፣ ሌላ አልልም።

ያን ቀን ሁላችንም በእናቲቱ ላይ ጮኽንባት። በልጅቱ ላይ ደግሞ የባሰ ጮኽን። እኔ ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሥራ አንደኛውን ልጅ የወሰድኩላት እኔ ነኝ እኮ! የእኅቴን ልጅ ነው። «ሞልቶብኛል» ብላኝ ነበር። «አንድ ልጅ ምን ይጨምርብሻል፣ እባክሽ» ብዬ ለመንኳት። ስለዚህ ጥፋቱ የእርሷ ብቻ አይደለም፤ እምቢ ስትል የምናስጨንቃት የእኛም ነው።

ስለ ልጅቱም ልናገር። እኔ በ1987 ዓ.ም. ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ «ልጅ ትያዝ፣ እየተማረችም ትኖራለች» ተብዬ ዘመድ ቤት ገባሁ። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ከሚበሉት አብልተውኛል። ነገር ግን ሕፃኑ ጠዋት ሲያለቅስ አረፍድ ነበር። ሲያመው እቀር ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልኩ በዚያው ቀረሁ። ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ በምለጥፈው ወረቀት የፊደል ስሕተት የምታገኙ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። አባቶቻችን «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ያሉት ልጅን ለመናቅ አይደለም፤ ያለ አቅሟ አታሠሯት ሲሉ ነው። አዋጁም 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውም ቢሆን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ሌሊትም አይሠራም። እኔ ግን የሰው ሕፃን ለሚታደራት ሴት 18 ዓመት ይሙላት እላለሁ።

ታዲያ ረዳት ከየት ትምጣ? ከዚሁ ከሠፈራችን። ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ እናቶች አሉን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ቤት የተቀመጡ ሴቶች ልጆች አሉን። ጎረቤት የሚያውቃት፣ የማትቆጣ፣ የማትማታ ትሁን።

ቀጥሎ የልጅ ቁጥር ነው። እንግሊዝ አገር የምትኖር የእኅቴ ልጅ እንደ ነገረችኝ፣ በዚያ በቤቷ ልጅ የምታውል ሴት ብቻዋን ከሆነች 8 ዓመት ካልሞላቸው ከ6 በላይ አትይዝም። ከእነዚያም 5 ዓመት ያልሞላቸው ከ3 አይበልጡም፤ ዓመት ያልሞላው በደንቡ አንድ ነው። ረዳት ስትጨምር ቁጥሩ ይጨምርላታል፣ ቤቱ ከበቃ ማለት ነው። እኛ ያን ያህል እንጠብቅ ብንል የሚችል የለም። ነገር ግን ለአንድ ጠባቂ ከ6 ልጅ አይለፍ፣ ከ6ቱም ገና የማይሄዱት ከ2 አይብለጡ የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ። ተወያዩበት።

አሁን ገንዘቡን እንቁጠር። ይህ ለምሳሌ ያህል ነው፣ የማንም ቤት ሒሳብ አይደለም። አንዲት እናት 6 ልጅ ይዛ ከእያንዳንዱ በወር 1,000 ብር ብትቀበል 6,000 ብር ነው። ለምግብ፣ ለሳሙና፣ ለከሰል በልጅ 300 ብር ብታወጣ 1,800 ይሄድና 4,200 ይቀራታል። ረዳት በ3,500 ብር ቀጥራ 12 ልጅ ብትይዝ 12,000 ይገባል፤ 3,600 ለወጪ፣ 3,500 ለረዳቷ ይወጣና የሚቀራት 4,900 ነው። ልጁ እጥፍ ሆኖ ትርፏ የጨመረው 700 ብር ብቻ ነው! ሁለት ልጅ ቢቀሩባትማ 3,500 ብቻ ይቀራታል፤ ብቻዋን ከነበረችበት አነሰ ማለት ነው።

ልጅ ደግሞ ይቀራል። በክረምት እንግዳ ሲያንስ እናቶች ከሥራ ይቀነሱና ልጃቸውን ይወስዳሉ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ጊዜ ሆቴሉ ሁሉ ጭር ሲል ምን እንደ ሆነ አይተናል። ስለዚህ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዳይሆን፣ በመጀመሪያ ከጥቅምት እስከ ፋሲካ ላለው ወቅት ብቻ መቅጠር ይሻላል። ሕጉ ለወቅት ሥራ የጊዜ ውል ይፈቅዳል። ወይም ልጅ በሚበዛበት በግማሽ ቀን መጀመር ይቻላል።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ለገዛ ቤቷ ሥራ ሠራተኛ የያዘች ሴትና ለገቢ በምትሠራው ሥራ ረዳት የቀጠረች ሴት በሕግ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛዋን የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ ይመለከታታል። ደመወዙ፣ የክፍያው ቀን፣ የሥራው ሰዓት ይጻፍ። በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይለፍ፤ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት አላት። ለሙከራ ከሆነም በጽሑፍ ይሁን፣ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። መጻፍ ለቸገራት እኔ እጽፋለሁ፣ ማኅበሩም ምስክር ይሆናል። ከመስፋፋት በፊት ስለ ፈቃዱ ከተማ አስተዳደሩን መጠየቅ አይረሳ።

ረዳት መጣች ማለት ግን ልጁ ተጠበቀ ማለት አይደለም። ሁለት ሰው ባለበት ቤት «እሷ ታየዋለች፣ እሷ ታየዋለች» እየተባለ ልጅ ይጠፋል። ስለዚህ ሥራው ይከፈል። አንዷ ምድጃ ጋ ስትሆን ሌላዋ ከልጆቹ ጋር ብቻ ትሁን፤ ቡና አትቁላ፣ ልብስ አትጠብ። ሲቀያየሩ ልጆቹን ይቁጠሩ። አዲሲቱ ረዳት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻዋን አትተው። የግቢው በር ትንሽ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ይቀርቀር። አገራችን ብርድ ነው፤ ቢሆንም ልጆች በተኙበት በተዘጋ ቤት የከሰል ማንደጃ አይግባ፣ ጭሱ ሳይታይ ይገድላል።

የእኛ የወላጆችስ? የእኛም ድርሻ አለ። ልጃችሁን ስታመጡ የክትባት ካርዱን አሳዩ፤ የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ነው፣ ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ልጁን ማን እንደሚወስደው በደብተር አስመዝግቡ። የታመመ ልጅ አታምጡ። ክፍያ በቀኑ ክፈሉ፤ እናንተ ስትዘገዩ የረዳቷ ደመወዝ ይዘገያል፣ ረዳቷም ትሄዳለች። «ሞልቷል» ስትባሉም እሺ በሉ።

ያቺ የ12 ዓመት ልጅ የት ደረሰች ለምትሉ፣ ወደ ወላጆቿ ተመልሳ ዘንድሮ ትምህርት ጀምራለች። ከመሄዷ በፊት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ የጮኽነው ግን ብዙዎች ነበርን።

ገና እየደረሰ ነው። ተሳላሚው ሲመጣ የሠፈራችን እናት ሁሉ ሥራ ላይ ትሆናለች፣ ልጅም ይበዛል። አሁን ካልተዘጋጀን እንደ አምናው መሆናችን ነው። ስለሆነም ረዳት ለመቅጠር የምትፈልጉም፣ ረዳት ሆናችሁ ለመሥራት የምትፈልጉም፣ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መጥታችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ። ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው።



የማኅበሩ ጸሐፊ