እሬት፣ እርድና ኖራ፦ ለላም ጡት የሚቀባ መድኃኒትና የሕግ ክፍተቱ



በአሜሪካ የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ያለው ገበሬ የላሙ ጡት አብጦና ግሎ፣ ወተቷም ረግቶ ሲያገኘው የአንድ ደንብ ሁለት አንቀጾች ይይዙታል። ደንቡ የታመመች ላምን ሕክምና መንፈግ ይከለክላል። አንቲባዮቲክ ከወሰደች ደግሞ ወተቷ ዳግመኛ በኦርጋኒክ ስም እንዳይሸጥ ያግዳል፤ እገዳውም ዕድሜ ልክ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ግን ላሚቱ በ12 ወር ውስጥ እስከ ሦስት ዙር ልትታከም ትችላለች፤ ወተቷም የተለመደው መጠበቂያ ጊዜ በእጥፍ ተቆጥሮ ወደ ገበያ ይመለሳል።

አሜሪካዊው ገበሬ ወደ ዕፅዋት ቅባት ቢያዘነብል አያስደንቅም። ሆኖም የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ለዚህ በሽታ ማከሚያነት ያጸደቀው የዕፅዋት ቅባት የለም። ደንቡ ገበሬውን ገፍቶ ያደረሰው መንግሥት መርምሮ ካላጸደቀው መድኃኒት ደጃፍ ነው።

ሕንድ በሌላ መንገድ ሄዳለች። ብሔራዊ የወተት ልማት ቦርዷ ለአርቢዎች የሚያስተምረው ቅባት 250 ግራም እሬት፣ 50 ግራም እርድና 15 ግራም ኖራ በአንድነት ተፈጭተው የሚሠራ ቀላ ያለ ሊጥ ነው። ጡቱ ታልቦና ታጥቦ ካበቃ በኋላ፣ ሊጡ በውኃ እየቀጠነ በቀን እስከ አሥር ጊዜ፣ ለአምስት ቀናት ያህል ይቀባል። ሁለት ላም ላለው ቤተሰብ ይህ ይቻላል፤ መቶ ላም የሚያልብ ግን ለዚሁ ብቻ ሠራተኛ መቅጠር ሳይኖርበት አይቀርም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ደጋግሞ ማለብና ማጠብ በራሱ የሚያስገኘው ጥቅም ከቅባቱ ጥቅም ተለይቶ መለካት አለበት። በኢ ኮላይ የሚመጣው ከባድ ሕመም ላምን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ስለሚችል፣ ቅባት እየቀቡ ሐኪም ማዘግየት አደገኛ ነው። ጡቱ ሳያብጥ፣ ወተቱም መልኩን ሳይለውጥ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው ሕመም ደግሞ ያለ ወተት ምርመራ ስለማይታወቅ፣ አርቢው ቅባቱን መቼ መጀመር እንዳለበት እንኳ አያውቅም።

ሦስቱም ግብዓቶች ለኢትዮጵያ አርቢ እንግዳ አይደሉም። ከዚህም ሌላ አርቢዎቹ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረ የራሳቸው የዕፅዋት ዕውቀት አላቸው። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቦች በዚህ ዕውቀት ላይ ያላቸውን መብትና ከጥቅሙ የመጋራት ድርሻቸውን ይደነግጋል። የውጭ ተመራማሪ ቅጠሉን ከመሰብሰቡ በፊት ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ገንዘቡን የሚሰጠው መንግሥትም ይህ መፈጸሙን ማረጋገጥ ይገባዋል።

ስለዚህ የምርምር በጀት ሲረቀቅ ገንዘቡ ቅባቱን ከማለብና ከማጠብ ብቻ ጋር ለሚያነጻጽር ሙከራ፣ እንዲሁም ቅባቱ ወተት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ለመለካት እንዲመደብ በግልጽ ይጻፍ። ሙከራው ኢትዮጵያን የሚነካ ከሆነ፣ ከማኅበረሰቡ ጋር የተፈረመው ስምምነት ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ይቅረብ።